ከዳይቪንግ በኋላ ጆሮ ሲደፈን፣ ዓለም ሲዞር ምን እናድርግ?

የአየር ታንኩን አውርዳችኋል። ማስኩንም አውልቃችኋል። ዳይቩ ጥሩ ነበር። ግን አንዱ ጆሯችሁ ውሃ እንደቀረበት ድፍን ብሏል። ወይም ብድግ ልትሉ ስትሉ ሁሉ ነገር መዞር ይጀምራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ጠላቂ «ትንሽ ልረፍ፣ ይለቀኛል» ይላል። እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። እኔን የሚያስፈሩኝ ከማይለቁት መካከል ሁለቱ ናቸው። አንዱ በውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚደርስ የግፊት ጉዳት ነው። ሌላው እዚያው ውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚከሰት የዲኮምፕሬሽን ሕመም ነው፤ ከጥልቀት ስንወጣ ሰውነት ውስጥ የተሟሟ ናይትሮጅን አረፋ ሲሆን የሚመጣው ማለት ነው። ሲጀምሩ መንታ ይመስላሉ፤ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የጆሮ ጭው ማለት፣ የመስማት መቀነስ። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። አንዱ ፀጥ ብሎ መተኛትን ይፈልጋል። ሌላው ወደ ግፊት ክፍል፣ ማለትም የአየር ግፊቱ ከፍ ወደሚደረግበት የሕክምና ክፍል (ሃይፐርባሪክ ቻምበር)፣ ቶሎ መድረስን።

ሐኪሙ ሁለቱን እንዲለይ ከሁሉ በላይ የሚረዳው መረጃ ያለው እናንተው ጋ ነው። መቼ ጀመረ? ስትወርዱ ጆሮ አስቸግሯችሁ ነበር? ይህን በትክክል የሚናገር ሰው ለሐኪሙ ትልቅ ሥራ አቀለለለት። ስለዚህ ከምንም በፊት ሰዓቱን መጻፍ ልመዱ። በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የምላችሁ ይህንኑ ነው።

አሁን እየዞረባችሁ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ

1. ተቀመጡ ወይም ተኙ። ጭንቅላታችሁን አታዟዙሩ። ዓይናችሁን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ትከሉ። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ በጎን ተኙ። መሰላል ብቻችሁን አትውጡ፤ መኪና አትንዱ። ሁለተኛ ዳይቭ ቢኖርም ለእናንተ ቀርቷል።

2. ሰዓቱን ጻፉ። ከውሃ የወጣችሁበትን ሰዓትና ማዞሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ ሁለቱንም። ካልቻላችሁ ጓደኛችሁ ስልኩ ላይ ይጻፍላችሁ። ትንሽ ከቆየ «ወዲያው መሰለኝ» ማለት ይመጣል። ያ «መሰለኝ» ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ በር ሊወስደው ይችላል።

3. ሌላ ምልክት ፈልጉ። የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ መዛል፣ የምላስ መተሳሰር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ የቆዳ መዥጎርጎር፣ ግራ መጋባት። አንዱም ቢሆን ከታየ የጆሮውን ነገር ለጊዜው ተዉት። ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ወዲያው እርዳታ ይጠራ።

4. ንጹሕ ኦክስጅን ካለ ይሰጥ። ማዞሩ ከባድ ከሆነ ወይም ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ካለ፣ መስጠት የሚያውቅ ሰው 100 በመቶ ኦክስጅን ያስጀምር። ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ቶሎ እንዲወጣ ያግዛል። ኋላ ላይ ነገሩ የግፊት ጉዳት ብቻ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኦክስጅኑ ምንም አይላችሁም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኦክስጅን ወስዶ የተሻለው ሰው ዳነ ማለት አይደለም። ሐኪም ጋ መሄዱ አይቀርም።

5. አፍንጫ ይዛችሁ አትንፉ። ጆሮ ሲደፈን የሁላችንም እጅ የሚሄደው ወደ አፍንጫ ነው። በዚህ ሰዓት ግን ይህ ልማድ ጉዳት አለው። ውስጥ የተቀደደ ነገር ካለ መንፋቱ ያሰፋዋል። ንፍጥም በኃይል አትናፈጡ።

6. ጆሮ ውስጥ ምንም አይግባ። ጠብታ፣ ዘይት፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ ሁሉም ይቅር። የጆሮ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ገና ማንም አላየም።

7. ዳይቭ ኮምፒውተሩን አስቀምጡ። ጥልቀቱን፣ የቆያችሁበትን ጊዜና የወጣችሁበትን ፍጥነት መዝግቧል። ከታማሚው ጋር አብሮ ይሂድ።

የአካባቢው ሐኪም የዳይቪንግ ልምድ ከሌለው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እንዲህ ያለውን ማዞር ከቫይረስ ወይም ከጨጓራ ጋር አያይዞ ሊያልፈው ይችላል። «ዛሬ ዳይቭ አድርጌያለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ተናገሩ። ዳን በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የ24 ሰዓት የድንገተኛ መስመር አለው። ዳይቪንግ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ያገናኛል። ስልኩን ከመጥለቃችሁ በፊት ነው መያዝ ያለባችሁ።

ጆሮ ውስጥ የሚሆነው ነገር

ጆሮ ሦስት ክፍል ነው። ውጫዊው ከቀዳዳው እስከ ታምቡሩ ይደርሳል። ከታምቡሩ ጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍል አለች፤ መሃከለኛው ጆሮ እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፈሳሽ የያዘው ውስጠኛው ጆሮ አለ። መስማትም ሚዛንም ያሉት እዚያ ነው። መሃከለኛውን ከውስጠኛው የሚለዩት ሁለት ጥቃቅን መስኮቶች ናቸው። አንዱ ሞላላ ሌላው ክብ ነው። ክቡን መስኮት የሸፈነው በጣም ስስ ሽፋን ነው።

ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም። አየር ግን ይጨመቃል። ከውሃው በላይ ያለው ግፊት 1 አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ስትወርዱ 2 ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ 3፣ 30 ሜትር ላይ 4። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት ግፊቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች የጆሯችሁን አየር ግማሽ ያደርጉታል። ከ20 ወደ 30 ሜትር ስትወርዱ ግን የሚቀንሰው በሩብ ብቻ ነው። ጆሮ ብዙውን ጊዜ ገና ሲጀመር፣ ጀልባው ሥር የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የጠፋውን አየር የሚተካው ዩስቴሽያን ቱቦ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ተነስቶ መሃከለኛው ጆሮ ይደርሳል። ርዝመቱ አዋቂ ሰው ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋ ነው፤ ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል። ከጆሮ ወደ ውጭ አየር ማስወጣት ይቀለዋል። ወደ ውስጥ ማስገባት ግን እገዛ ይፈልጋል። ዘግይታችሁ ስትሞክሩት ደግሞ ግፊቱ ራሱ ጨምቆ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ብትነፉ አይከፈትም። መፍትሔው አንድ ሁለት ሜትር ወደ ላይ መመለስ ብቻ ነው።

ራሳችሁን የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች

መቼ ጀመረ? ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ስትወርዱ ወይም ታች እያላችሁ ከጀመረ የግፊት ጉዳት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወደ ላይ ስትወጡ ጀምሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ የሁለቱ ጆሮዎች ግፊት አለመመጣጠን ሊሆን ይችላል። ውሃ ውስጥ ምንም ሳትሆኑ ከወጣችሁ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከጀመረ ግን የዲኮምፕሬሽን ሕመምን ማሰብ ግድ ነው።

ጆሮው ሲወርድ አስቸግሮ ነበር? በኃይል ነፍታችኋል? ጉንፋን ነበረባችሁ? አዎ ከሆነ ወደ ግፊት ጉዳት ያጋድላል። ጆሮው ያለ ምንም ችግር ተከፍቶ ከነበረ ደግሞ ወደ ዲኮምፕሬሽን።

ዳይቩ ምን ይመስል ነበር? 4 ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ሲለማመድ የዋለ ሰው የዲኮምፕሬሽን ሕመም ይይዘዋል ተብሎ አይታሰብም። 35 ሜትር ወርዶ ብዙ የቆየ፣ በቀን ሦስቴ የጠለቀ፣ ወይም ተቻኩሎ የወጣ ሰው ግን ይለያል። ኮምፒውተሩ «ገደብ አላለፍክም» ማለቱ ብቻውን ነፃ አያወጣም። ገደቡን አክብረው የታመሙ ጠላቂዎች አሉ።

የመስማት ነገርስ? አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከንፈራችሁን ገጥማችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ ይበልጥ የሚሰማችሁ በየትኛው ጆሮ ነው? በተደፈነው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ችግሩ ታምቡሩ ወይም መሃከለኛው ጆሮ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በደህነኛው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ውስጠኛው ጆሮ ተነክቶ ይሆናል፤ ሐኪም ጋ ቶሎ መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሞች በሹካ መሰል ብረት የሚሠሩት ምርመራ ታናሽ ወንድም በሉት። ፍንጭ ይሰጣል፤ ምርመራን ግን አይተካም።

መሃከለኛው ጆሮ ሲጨመቅ

ከዳይቪንግ ጉዳቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ስትወርዱ ይጫናችኋል፣ ያማል፤ ስትወጡ ጆሮው ድፍን እንዳለ ይቀራል። ውሃ የገባ ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመ የራሳችሁ ፈሳሽ ወይም ደም ነው። ስለዚህ በአንድ እግር መዝለልም ሆነ ጆሮን ወደ ታች መዘቅዘቅ አያወጣውም። አፍንጫ ውስጥ ወይም ምራቅ ላይ ትንሽ ደም ልታዩም ትችላላችሁ።

የሚደረገው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጆሮው እስኪድን ዳይቪንግ የለም። ሕመም ካለ የተለመደ ማስታገሻ ይበቃል። ሐኪም ታምቡሩን ይይላችሁ። ቀላል ከሆነ በቀናት ውስጥ፣ ደም የቋጠረ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ፈሳሽ ከወጣ ኢንፌክሽን ተጨምሮበት ይሆናል።

ታምቡሩ ከተቀደደ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ኃይለኛ ሕመም ይመጣና ድንገት ቀለል ይላል። ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ዓለም ይሽከረከራል። ውሃው በሰውነት ሙቀት እስኪሞቅ ድረስ ነው፤ ባብዛኛው በደቂቃ ገደማ ይረጋጋል። አብዛኞቹ ቀዳዳዎች በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይደፈናሉ። እስከዚያ ጆሮው ውሃ አይንካው። ገላ ስትታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ከደጅ አድርጉበት። ወደ ውስጥ ግን አትግፉት።

ስትወጡ ለደቂቃ የሚያዞር

አንዱ ጆሮ ቶሎ ተንፍሶ ሌላው ሲዘገይ አንጎል ከግራና ከቀኝ የተለያየ ወሬ ይደርሰዋል። ክላስ ሉንድግሬን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ለጠላቂዎች አደገኛ ብሎ የጻፈበት ይህ ነው። በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ያልፋል። አደጋው ሰውየው ደንግጦ ወደ ላይ መሮጡ ነው። አቁሙ፣ ጥቂት ውረዱ፣ ዋጡ ወይም መንጋጋችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ ከቀጠለ ግን ይህ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ውስጠኛው ጆሮ በግፊት ሲጎዳ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ጆሮ እምቢ ሲል ሰው አፍንጫውን ይዞ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። ያ ግፊት ደረት ውስጥ ብቻ አይቀርም። በጭንቅላት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ይደርሳል። ከወዲህ በኩል የተጨመቀ መሃከለኛ ጆሮ አለ፤ ከወዲያ የተገፋ ፈሳሽ። በመካከላቸው ያለው ስስ የመስኮት ሽፋን ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ የመስማትና የሚዛን ፈሳሽ ወደ መሃከለኛው ጆሮ ይንጠባጠባል።

እኔ ጀማሪ እያለሁ 4 ሜትር ላይ ግራ ጆሮዬ አልከፈት አለኝ። ሌሎቹ ታች ደርሰው ወደ ላይ ያዩኛል። አስጠበቅኳቸው ብዬ አፈርኩ፤ በኃይል ነፋሁ። «ጠሽ» የሚል ነገር ሰማሁ። ለሳምንታት ያ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት እንደ ክረምት ፌንጣ ይጮህ ነበር። ደግነቱ ዳነ። ሳይድንላቸው የቀሩ ሰዎች ግን አሉ። ስለዚህ ሰው ሲጠብቃችሁ አትፈሩ። የሚጠብቁት ሰዎች አምስት ደቂቃ ቢያጡ ነው። እናንተ የምታጡት መስማት ነው።

ምልክቶቹ የሚያዞር ስሜት፣ ጭው የሚል ድምፅና ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ናቸው። ሦስቱም ላይኖሩ ይችላሉ። ይህን ከጠረጠራችሁ፦

ጭንቅላታችሁን በትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ከባድ ነገር አታንሱ። አታምጡ፤ ሆድ ድርቀት ካለ ሐኪሙ ማለስለሻ ይዘዝላችሁ። ስታስነጥሱ አፋችሁን ክፈቱ፤ አፍንጫችሁን አትያዙ። አውሮፕላን ላይ አትውጡ። በዚያው ቀን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ያግኛችሁ፤ የመስማት ምርመራም ይደረግ። ለድንገተኛ የመስማት መቀነስ የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው የተሻለ የሚረዳው። ሳምንት ጠብቆ «አልመለስ አለኝ» ብሎ መሄድ ብዙ ያስከፍላል። ዕረፍቱ ካልሠራ ወይም እየባሰ ከሄደ ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና መዝጋትም አለ።

ውስጠኛው ጆሮ በአረፋ ሲመታ

ጥልቅ ስንሆን ናይትሮጅን በደምና በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይሟሟል። ስንወጣ ተመልሶ መውጣት አለበት። አረፋ ሆኖ ከወጣና ያ አረፋ ውስጠኛው ጆሮ ከደረሰ ኃይለኛ ማዞር ይጀምራል። ሰውየው መቆም ያቅተዋል፣ ደጋግሞ ያስመልሳል። ብዙዎቹ ላይ መስማት ምንም አይሆንም። ስለዚህ «እሰማለሁ፣ ስለዚህ ጆሮ አይደለም» አትበሉ።

አንዳንድ ሰው ሕጉን ሁሉ አክብሮ ለምን ይታመማል? አንዱ ምክንያት ልብ ውስጥ ነው። ፅንስ እያለን በልብ የላይኛ ክፍሎች መካከል መተላለፊያ አለ። ከአራት አዋቂ በአንዱ ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። ባለቤቱ አያውቀውም፤ በየቀኑ ሕይወቱም አይቸግረውም። ከዳይቭ በኋላ ግን ሳንባ ማጣራት የነበረባቸውን ትናንሽ አረፋዎች ወደ ሰውነት በሚሠራጨው ደም ውስጥ ያሳልፋል። ከወጡ በኋላ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ማማጥ ደግሞ ያንን በር ይገፋዋል። ታንክ ተሸክሞ መሰላል ከመውጣት በፊት ትንሽ ማረፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ኦክስጅንና የግፊት ክፍል ነው። በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ሠንጠረዥ 6 በሽተኛውን 18 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው ግፊት፣ ማለትም በ2.8 አትሞስፌር ኦክስጅን በማስተንፈስ ይጀምራል። በጠቅላላው ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። በቶሎ ሲደረግ የተሻለ ውጤት አለው። ወደ ውሃ ተመልሶ «ራሴን ላክም» ማለት ግን የሚያዞረው ሰው የሚሰምጥበት መንገድ ነው። በፍጹም አይሞከር።

ሁለቱን መለየት ካልተቻለስ? ያን ውሳኔ ለዳይቪንግ ሐኪም ተዉለት። የግፊት ክፍል ውስጥ መግባት ጆሮን እንደገና መክፈት ይጠይቃል፤ የተቀደደ መስኮት ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ካልጠራ ብዙ ጊዜ ለዲኮምፕሬሽኑ ቅድሚያ ይሰጣል። አስፈላጊ ሲሆን ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ግፊቱ እንዲመጣጠን ይደረጋል።

ሌሎች የሚምታቱ

በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ጆሮው ካሳከከ፣ ጆሮን ሲጎትቱት ካመመ፣ የውጪው ቀዳዳ ኢንፌክሽን ነው። ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ የዋለ ጆሮ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ተህዋስያን ይገቡበታል። አንቲባዮቲክ ጠብታ ይታዘዝለታል። ለመከላከል ከዳይቭ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ማድረቅ ይጠቅማል። ታምቡራቸው ደህና የሆነ ሰዎች የአሴቲክ አሲድ ጠብታም ይጠቀማሉ። ኩክ ማውጫ ጥጥ ግን ቆዳውን ይቧጥጣል እንጂ አይረዳም።

አልጋ ላይ ስትገላበጡ ብቻ ለሰከንዶች የሚያዞር ከሆነ፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተንሸራተው ይሆናል። ሐኪሙ ጭንቅላታችሁን በቅደም ተከተል አዙሮ ይመልሳቸዋል። ጀልባ ላይ ውላችሁ ማታ አልጋው የሚወዛወዝ ሲመስላችሁ ደግሞ የማዕበሉ ትዝታ ነው፤ መሽከርከር ከሌለው አያስጨንቅም።

ውሃ ውስጥ እያላችሁ ቢዞርባችሁ

የማይንቀሳቀስ ነገር ያዙ፤ ገመድ፣ ድንጋይ፣ ካጣችሁ የጓደኛችሁን ክንድ። ምንም ከሌለ ራሳችሁን እቀፉ። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ከጠፋችሁ አረፋችሁን ተመልከቱ፤ አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሚያንሳፍፋችሁን ጃኬት አትንፉ። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ካስመለሳችሁ ሬጉሌተሩን፣ ማለትም አፋችሁ ውስጥ ያለውን መተንፈሻ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ በሱ ውስጥ አስመልሱ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ አጽዱት። አውልቆ ማስመለስ ቀጥሎ የሚመጣውን ትንፋሽ ውሃ ያደርገዋል። ማዞሩ ሲረጋጋ ከጓደኛችሁ ጋር በቀስታ ውጡ።

ጆሮን ያለ ጉልበት መክፈት

አፍንጫ ይዞ የመንፋት ዘዴ በአንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ በጻፈው መጽሐፍ ገልጾታል። እሱ ያሰበው ከጆሮ መግል ማስወጣትን ነበር እንጂ መጥለቅን አይደለም። ይሠራል፤ ግን ለስለስ ብሎ ብቻ። ፍሬንዘል የሚባለው ዘዴ ይሻላል። አፍንጫን ይዞ፣ ጉሮሮን ዘግቶ፣ «ከ» ሊሉ እንደሆነ የምላስን ጀርባ ወደ ላይ መግፋት ነው። ደረት አይሳተፍም፣ ስለዚህ ግፊቱ ትንሽ ነው። ሌላው አፍንጫን ይዞ መዋጥ ነው። ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቁሙና ተለማመዱ። አፍንጫችሁ ክንፎቹን ነፋ ካደረገ ሠርቷል።

ውሃ ላይ እንዳላችሁ አንዴ ክፈቱት። ከዚያ እግራችሁን አስቀድማችሁ፣ ገመድ ይዛችሁ ውረዱ። ጭንቅላትን አስቀድሞ መውረድ ቱቦውን ያስቸግረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች በየግማሽ ሜትሩ፣ ሳያማችሁ በፊት ክፈቱ። ሕመም ከተሰማችሁ ዘግይታችኋል። አንድ ሜትር ተመለሱና እንደገና ሞክሩ። እምቢ ካለ ዳይቩን ሰርዙ። የጆሮ መሰኪያ አታድርጉ፤ ከታምቡሩ በወዲህ የተዘጋ አየር ይፈጥራል። የጠበቀ ኮፍያ የለበሳችሁ ከሆነ ውሃ ወደ ጆሮ እንዲገባ ጠርዙን ከፈት አድርጉት።

ጉንፋን ካለ መጥለቅ የለም። አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ውጦ መግባት የብዙ ሰው ልማድ ነው። መድኃኒቱ ታች እያላችሁ ኃይሉን ከጨረሰ ግን አየሩ መውጫ ያጣና ስትወጡ ያማችኋል። ሲወርዱ ጆሮ ካልተከፈተ ወደ ላይ መመለስ ይቻላል። ሲወጡ ያልተከፈተ ጆሮ ግን አየር እያለቀባችሁ ይጠብቃችኋል።

አወጣጡም ቀስ ያለ ይሁን፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ። 5 ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዩ።

መቼ መብረር፣ መቼ መመለስ

ምንም ያልታመመ ሰው ከአንድ ተራ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ዳይቮች በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ። የዲኮምፕሬሽን ማቆሚያ፣ ማለትም ሲወጡ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅን የሚያስገድድ ዳይቭ ከሆነ ከዚያም ይርዘም። ምልክት ያለበት ሰው ግን ሰዓት ቆጥሮ አይሳፈርም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ወደ ውሃ ለመመለስ ሐኪሙ ታምቡሩ መዳኑን ማየት አለበት። እናንተም ሁለቱን ጆሮዎች ደረቅ መሬት ላይ ያለ ጉልበት መክፈት መቻል አለባችሁ። ውስጠኛው ጆሮ የተጎዳ ከሆነ የመስማትና የሚዛን ምርመራ ይጨመራል። አንዳንዶች ከዚያ ወዲያ እንዳይጠልቁ ይመከራሉ። የዲኮምፕሬሽን ሕመም ከነበረ ስለ ልብ ምርመራው ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን ገንዳ ይሁን እንጂ ባሕር አይሁን። 2 ሜትር ውረዱ፣ ጆሯችሁን አዳምጡ፣ ውጡ። በማግስቱ ድፍን ካላለ 3 ሜትር ሞክሩ።